ሰዓት አክባሪው ጠላት

ስለዚያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙም ይጻፋል። ጄኔራሎች ትዝታቸውን ይጽፋሉ፣ ምሁራን መንስኤውንና መፍትሔውን ይተነትናሉ። የኛን ኮሚቴ ግን እስካሁን አንድም ሰው አላነሳውም። ይህ ግፍ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት በወርኃ ሐምሌ፣ በሀብሩ ወረዳ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ፣ ለአንድ ወር ያህል የጠላት ምልክት ሲለይና ሲተነተን የቆየው በኛ ነው። እኔ ይርጋ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ቃለ ጉባዔው አሁንም እጄ ላይ አለ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በማኅተም የተደገፈ ነው።

መብራት የሄደው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ስልክም ተከትሎት ሄደ። ሰሜኑ በጦር ይናጣል፣ ወልድያ ድረስ ተፈናቃይ ሞልቷል ይባላል፤ ግን ማን ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። ከተማዋ የዓለምን ወሬ የምትሰማው በአንድ ሰው በኩል ብቻ ነበር፤ በሚስባህ።

ሚስባህ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ጅዳ ስምንት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲገባ እሱ ትንሽ ሻንጣ የሚያክል ሬዲዮ ይዞ ገባ። እዚያ አብሮት ይኖር የነበረ አንድ ሱዳናዊ አስተምሮት፣ ከዜና ጣቢያዎቹ ወረድ ብሎ ዝቅተኛው ሞገድ ላይ፣ አማተር የሚባሉ ሰዎች ያለ ምንም ደሞዝ፣ ለፍቅሩ ብቻ ብለው ጢጥ ጢጥ በሚል የሞርስ ምልክት የሚነጋገሩበት ጥግ እንዳለ ያውቃል። በኛ ከተማ ግን ያለ ደሞዝ የሚሠራ ሰው ዓላማው ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ስለዚህ ሚስባህ ገና ከጅምሩ የሚጠረጠርበት ነገር አላጣም ነበር።

ሰው ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻው ከመውረዱ በፊት በሚስባህ ደጅ ቆም ብሎ ዜና ይሰማል። ሚስቱ ሁሪያ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሚመጣውን ሁሉ ትመርቃለች፣ ለሚቀልድባትም በቀልድ ትመልሳለች። ቤታቸው ከከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጀርባ ነው፤ አጥር ይጋራሉ።

መብራት በጠፋ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ፣ ሚስባህ ያንን የአማተሮቹን ጥግ ሲያስስ አንድ አዲስ ድምፅ ገባ። ትርርርር... ትክ። ትርርርር... ትክ። ሲጎላ ይቆይና ይደክማል፣ ደግሞ ይጎላል።

በዚያች ሰዓት ከደጁ ከቆሙት አንዱ ጋሽ ፈንታው ነበሩ። ጋሽ ፈንታው በቀድሞው ሠራዊት የመገናኛ ባለሙያ ነበርኩ ይላሉ። አብረዋቸው የዘመቱ ሰዎች ደግሞ የሻለቃው ወጥ ቤት ነበሩ ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወጥ ቤቱና መገናኛው አንድ ድንኳን ውስጥ ነበሩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ፈንታው።

"እንጃ" አለ ሚስባህ። "ሰው የሚያስተላልፈው አይመስለኝም ጋሽዬ። የሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የሚረብሸኝ። ደግሞ ቅርብ ነው።"

ጋሽ ፈንታው ከዚህ ሁሉ ንግግር "ቅርብ ነው" የሚለውን ብቻ ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጡ።

የከተማው አስተዳዳሪ አቶ ደጀን ቆራጥ መሪ ናቸው። መብራት የጠፋ ዕለት ያሳዩትን ቆራጥነት እዚህ ላይ ሳልመዘግብ ባልፍ ታሪክ ይፋረደኛል። ለጤና ኬላው ተብሎ የመጣ ሶላር ከነባትሪውና የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት ከሚያደርገው ኢንቨርተር ጋር በካርቶን እንደተጠቀለለ ነበር። አቶ ደጀን የጤና ኬላው ጣሪያ እንደሚያፈስ በጥናት ደረሱበትና ሶላሩን ለጊዜው ጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ አስወጡት። አዋላጇ እየሩሳሌም በሞባይል መብራት ታዋልዳለች፤ ሞባይሉ ሲዘጋባት በልምድ ታዋልዳለች። በሶላሩ የአቶ ደጀን ቬንትሌተር ሥራ ቀጠለ። የኛ አገር ቆላ ነው፤ በሐምሌም ቢሆን ከዝናብ በፊት ያለው ወበቅ ለማሰብ አይመችም፣ አስተዳዳሪ ደግሞ ማሰብ አለበት።

አቶ ደጀን የጋሽ ፈንታውን ሪፖርት ከሰሙ በኋላ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "በአካባቢያችን ያልታወቀ ወታደራዊ ምልክት ተከስቷል" አሉ። "ጠላት ምልክት ሲያወጣ እኛ ኮሚቴ እናወጣለን።"

በዚያው ቀን የማይታወቁ ወታደራዊ ምልክቶች ለይቶ አጣሪ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር አቶ ደጀን፣ የቴክኒክ ኃላፊ ጋሽ ፈንታው፣ የአገር ሽማግሌ ሸህ ኡበይደላ፣ ጸሐፊ እኔ። ሬዲዮ የሚባለውን ነገር ከመካከላችን የሚያውቀው ሚስባህ ብቻ ስለነበር፣ እሱ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው ተጋባዥ ባለሙያ ተደረገ። ሬዲዮውን በየጠዋቱ ተሸክሞ እንዲመጣ፣ ማታም ተሸክሞ እንዲመለስ ተወሰነ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈተ። አቶ ደጀን እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ቬንትሌተሩን፣ ቀጥሎ ስብሰባውን አስጀመሩ። ሚስባህ ሬዲዮውን ሲከፍተው፣ ትርርርር! ከቤቱ ይልቅ እዚህ አሥር እጥፍ ጎላ።

"ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስንቀርብ ጎላ" አሉ አቶ ደጀን። "ኢላማው ግልጽ ነው። ጋሽ ፈንታው፣ እስቲ ይተንትኑልን።"

ጋሽ ፈንታው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ትርርርር ማለት ታንክ ነው። ትክ ማለት ቆመ ማለት ነው።"

"ረዘም የሚለው ትርርርርስ?" አልኩ እኔ፣ ቃለ ጉባዔው የተሟላ እንዲሆን።

"እሱ ረጅም ታንክ ነው።"

ጻፍኩት። ድምፁ ሲደክም ጋሽ ፈንታው "ወደ ራያ ዞረ" ይሉናል፤ ሲጎላ "ወደኛ ዞረ" ይሉናል። ደግሞ የሚገርመው፣ ጠላት ወደኛ በዞረ ቁጥር ቀዝቀዝ ያለ ንፋስ ፊታችንን ይመታና ወረቀቴ ይበርራል። ይህንንም መዝግቤያለሁ። ገጽ ሁለት ላይ "የጠላት እንቅስቃሴ የአየር ጠባይ ለውጥ አስከትሏል" የሚል አለ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሌት ተቀን ባይሆንም በሥራ ሰዓት ያላሰለሰ ክትትል አደረግን። የጠላትም ጠባይ ቀስ በቀስ ተገለጠልን። ምልክቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ለምሳ ስድስት ሰዓት ላይ ያቋርጣል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ አቶ ደጀን ካረፈዱም ስምንት ተኩል ላይ፣ ይቀጥላል። አቶ ደጀን ለስብሰባ ወልድያ የሄዱ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጠፋ፤ ጋሽ ፈንታው "ጠላትም ስብሰባ ላይ ነው" አሉ። ዓርብ ዓርብ ኮሚቴው ለጁምዓ ሲበተን አብሮ ይበተናል። እሑድ ትንፍሽ አይልም።

ይህን ዝርዝር ሳነብ ሸህ ኡበይደላ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። ሸህ ኡበይደላ በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ጠብ ሲገባ ወደሳቸው ይሄዳል።

"ለጁምዓ ሥራ የሚያቆም፣ እሑድንም የሚያከብር" አሉ በመጨረሻ። "ወላሂ ይሄ ጠላት የወሎ ሰው ነው።"

ማንም አልሳቀም። አቶ ደጀን ወደኔ ዞረው "የብሔር ማንነቱን ለጊዜው አትመዝግበው" አሉኝ።

በዚያች ቀን ነው ሚስባህ የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራው። እጁን አወጣ። ተጋባዥ እጅ ማውጣት እንደማይፈቀድለት ያኔ በመመሪያ አልተደነገገም ነበር።

"አቶ ደጀን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ጊዜ ቬንትሌተሩን አጥፍተን እንስማው?"

ቬንትሌተሩ ብቻ ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ሁላችንንም በየተራ አየን።

"ማለት?" አሉ አቶ ደጀን።

"ኢንቨርተሩ ይመስለኛል የሚጮኸው። ርካሽ ኢንቨርተር ሬዲዮ ይረብሻል። ለአንድ ደቂቃ ብናጠፋው..."

"እኔ በላብ ብጠመቅ፣ ሐሳቤ ቢበታተን፣ አመራር መስጠት ቢያቅተኝ፣ የሚጠቀመው ማን ነው?"

"ጠላት!" አሉ ጋሽ ፈንታው።

ጻፍኩት፦ "ተጋባዡ ባለሙያ የአመራሩን የሥራ ከባቢ የሚያዳክም ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆኗል።" ሸህ ኡበይደላ ድምፅ ሲሰጥ ለሶላት ውዱ ሊያደርጉ ወጥተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ጋሽ ፈንታው ከመኝታቸው ተነስተው ሲያስቡ እንዳደሩ ነግረውን አንድ ትልቅ ግኝት አቀረቡ። ጠላት የምንሰበሰብበትን ሰዓት ያውቃል። ምሳ የምንወጣበትን ያውቃል። አቶ ደጀን ወልድያ መሄዳቸውን ሳይቀር አውቋል። ስለዚህ ከመካከላችን የሚነግረው ሰው አለ። አቶ ደጀን ጠረጴዛውን በጡጫ መቱና "አውጫጭኝ ይጠራ!" አሉ።

አውጫጭኝን የማያውቅ ትውልድ መጥቷልና ባጭሩ ላስረዳ። ከብት ተሰርቆ፣ ክምር ተቃጥሎ ያደረገው ሰው ሲጠፋ፣ ያገሩ አባወራ ሁሉ አንድ ቦታ ተጠርቶ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ዳኛ ይሰየማል። ክቡ ውስጥ የገባ ሁሉ በየተራው ይጠየቃል፣ ይምላል፤ ከሳሽም ሆነ ሹም አይቀርም። አይቶ መናገር የፈራ ሰው ለዳኛው በጆሮው ሹክ ይላል። የሹክሹክታው ባለቤት ስም አይጠራም፤ "ወፍ ነገረችኝ" ነው የሚባለው። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ደግሞ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት በሬ ለጠፋ ቀን አውጥተውት ነበር፤ ለሬዲዮ ሞገድ የተጠቀምንበት እኛ የመጀመሪያዎቹ ነን።

ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን ሁለት መቶ አባወራ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ሸህ ኡበይደላ ሆኑ። ሬዲዮው በኤግዚቢትነት መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አቶ ደጀንም ወበቁ ስለበረታባቸው ቬንትሌተሩ በረጅም ገመድ ወጥቶ ከጎናቸው ቆመ። ትርርርርታው የተለመደ ሥራውን ጀመረ፣ ሕዝቡም ሰምቶ "ያረቢ!" "እግዚኦ!" አለ።

ጊዜው የአረም ጊዜ ነው። ማሽላው እንክርዳድና ሙጃ ውጦት የሰው እጅ እስኪያድነው ይጠብቃል፤ ሦስት ቀን የዘገየ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ያፍራል። ሁለት መቶ ሰው ግን ተቀምጦ ይምላል። መጀመሪያው ቀን ወፎች ብዙ ነገር ተናገሩ። አንዷ ወፍ ከግራና ከተማ የሚመጣ ጨው ነጋዴ ነው አለች። ሌላዋ ወፍ አማቷን ጠቆመች። ሦስተኛዋ የአብዱልጀሊል ወፍጮ ነው አለች፤ ወፍጮው ናፍጣ አጥቶ ከቆመ ወር አልፎታል። ሸህ ኡበይደላ ሁሉንም "አጣሩ፣ አልሆነም" እያሉ መለሱ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ግን ወፎቹ ሁሉ አንድ ቅርንጫፍ ላይ አረፉ። ሚስባህ አሉ።

አንዳቸውም አላመኑበትም። ይህን አውቃለሁ። በደጁ ዜና የሚሰሙ ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ጅዳ በገቡ ጊዜ እሱ ቤት ያደሩላቸው ናቸው። አረሙ ነው ያስጠቆማቸው። አንድ ሰው ሲሰጥ ሌላው ማሳው ይገባል።

"በቂ ነው" አሉ አቶ ደጀን። "ነገ ከወልድያ መኪና ይምጣና ይውሰደው። ይርጋ፣ ደብዳቤ!"

ጻፍኩ። በዚያ ሰሞን በስለላ ተጠርጥሮ በመኪና የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይመለስ እንደሆነም የሚያውቅ አልነበረም። ይህን እኔም፣ ሚስባህም፣ ክቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። ጽሑፌ ግን እንደ ሁልጊዜው ያምር ነበር።

ሚስባህ ሬዲዮውን እያጠፋ ወደኔ ጎንበስ አለ። "ይርጋ፣ አንተ እኮ ታውቃለህ።"

"ምኑን?"

"ወረቀትህን የሚያበርረው ታንክ እንዳልሆነ።"

ወረቀቱ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት።

ደብዳቤውን ይዞ በእግር ወደ ዋናው መንገድ የወጣው የሚሊሻ አባል ጠዋት መኪና ይዞ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሦስተኛው ቀን ሁሪያ መጣች። አውጫጭኝ የአባወራ ጉባዔ ነው፤ እርጉዝ ሴት ቀርቶ ሴት የሚባል አይገባበትም። እሷ ግን ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ሰዉን እያሳለፈች መሐል ገባች። የሚያስቆማት ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም እግሩን ያይ ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም ያ ጀማዓ" አለች። "ሸሆቹ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአውጫጭኝ ክቡ ውስጥ የገባ ሁሉ ይምላል አይደል?"

"አዎ ልጄ፣ ይምላል።"

"ሹምም ቢሆን?"

"ሹምም ቢሆን። አቶ ደጀንም ምለዋል።"

"እንግዲያስ አንድ ያልማለ አለ።"

ሁለት መቶ ሰው ጎረቤቱን አየ።

"ማን ነው?" አሉ ሸህ ኡበይደላ።

"ይኸውላችሁ" አለች ሁሪያ፣ በጣቷ ወደ ቬንትሌተሩ እያመለከተች። "ሦስት ቀን ሙሉ መሐላችሁ ቆሟል። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያየ፣ አይደለሁም አይደለሁም እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እናንተ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም። ባሌን የሰጣችሁት እሱን ሳትጠይቁ ነው።"

ቬንትሌተሩ በዚያች ቅጽበት ወደሷ ዞሮ፣ ደረሰና፣ ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። ከወደኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ክቡ ሁሉ ሳቀ፤ ሦስት ቀን የታፈነ ሳቅ ነበር።

"ይህ የመንግሥት ንብረት ነው!" አሉ አቶ ደጀን ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "የመንግሥት ንብረት አይጠየቅም!"

ሸህ ኡበይደላ እጃቸውን አነሱ። "አቶ ደጀን፣ እኔን ዳኛ ያደረጉኝ እርስዎ ኖት። አውጫጭኝ ንብረት ከሰው አይለይም። ወደ ክቡ ያስገባነው እኛ አይደለንም፤ እርስዎ ኖት። ገብቷል፣ ይጠየቃል።"

"እንዴት ነው ቬንትሌተር የሚጠየቀው?"

"አንድ ጊዜ ዝም ይበላ!" አለች ሁሪያና ገመዱን ከማከፋፈያው ነቀለችው።

ሬዲዮው ዝም አለ። ከሩቅ የማን እንደሆነች የማትታወቅ ፍየል ስትጮህ ተሰማ።

መልሳ ሰካችው። ትርርርር።

"ታንኩ ተነሳ!" አሉ ጋሽ ፈንታው።

ነቀለችው። ዝም።

"ቆመ!"

"አንድ ጊዜ ድገሚው ልጄ" አሉ ሸህ ኡበይደላ። "ምስክር ሦስት ይሁን።"

ደገመችው። ሕዝቡ ከተቀመጠበት ተነስቶ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። ሚስባህ አልሳቀም፤ ሬዲዮው ላይ እጁን አድርጎ ሚስቱን ብቻ ያይ ነበር። እኔ እሱን አላየሁም፤ ድንጋዩን አየሁ።

በዚህ ጊዜ ነው የአቶ ደጀን የአመራር ብቃት የታየው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቆሙ።

"የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች! ኮሚቴያችን ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ያልታወቀው ምልክት ዛሬ ታውቋል። የወገን ምልክት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ይህን ድምፅ በሰማችሁ ጊዜ አስተዳደራችሁ በቦታው ላይ መሆኑን እወቁ። ድምፁ እስካለ ድረስ እኔ አለሁ። ተረጋጉ፣ አሉባልታ አትስሙ፣ አረማችሁን አርሙ!"

የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ሕዝቡ ከልቡ አጨበጨበ። ሚስባህም በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የወገን ምልክቱ መኖሩን ከቤቱ ሆኖ እንዲያረጋግጥ ኃላፊነት ተሰጠው። ሸህ ኡበይደላ "ሶላሩስ? ሴቶቹ በጨለማ ይወልዳሉ እኮ" ብለው ጠየቁ። "በሂደት የሚታይ ይሆናል" ተባሉ። የወልድያው መኪና ናፍጣ የለም ተብሎ ሳይመጣ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከተማዋ አዲስ ልማድ አወጣች። ገበሬው ጠዋት በሚስባህ ደጅ ሲያልፍ "አለ?" ይላል። ሚስባህ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ትርርርር ሲል፣ "አለ" ይለዋል። ገበሬው ወደ ማሳው ይወርዳል። በዋናው መንገድ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሰው በየቀኑ እየበዛ መጣ፤ አቶ ደጀንም በየቀኑ ተረጋጉ ይሉናል። ተረጋጋን።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሚስባህ ሬዲዮውን ከፈተ። ዝም። ባትሪውን አየ፣ ሽቦውን ነካካ፣ ሞገዱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ዝም።

"አለ?" አለው ከደጁ የቆመ አንድ ገበሬ።

"ጠፍቷል።"

ሁሪያ ከውስጥ ወጣች። "ስብሰባ ሄደው ይሆናላ፣ ወልድያ።"

"ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ካየን እኮ አራት ቀናችን ነው" አለ ሚስባህ።

ሁሪያ በሩን ተደግፋ ትንሽ አሰበች። "እሳቸው ራሳቸው ብለዋል፤ ድምፁ እስካለ አለሁ ብለዋል። ከሌለ የሉማ። እሳቸው ከሌሉ ደግሞ የመጣ ነገር አለ። ተነሳ፣ አህያውን ጫን።"

"ትርርርታው ጠፋ" የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ሲዛመት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እስላሙ ደጋ ያለ ክርስቲያን ዘመዱን፣ አበ ልጁን፣ የወዳጁን ወዳጅ እያሰበ ወደ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎችን በቃሬዛ ተሸከሙ። ሸህ ኡበይደላ በመጨረሻ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ሲወጡ የቀረ ሰው እንደሌለ ቤት ለቤት እየጠየቁ ነበር። እየሩሳሌም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከሁሪያ አህያ ጎን ሄደች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከባድ መሣሪያው ከተማዋን መታ፤ ወፍጮ ቤቱ ፈረሰ፣ የዋርካው ግማሽ ተገነጠለ። የሚስባህ ቤት ግድግዳዋ ብቻ ቀረ። በከተማዋ ግን ያን ቀን አንድም ሰው አልሞተም፤ የሚሞት ሰው አልነበረባትም።

እኛ በደረስንበት ከተማ በተደረገ ግምገማ አቶ ደጀን ሪፖርት አቀረቡ። "ኮሚቴው በለየውና ለሕዝብ ባስተዋወቀው የማስጠንቀቂያ ምልክት አማካይነት ነዋሪው ያለ አንዳች ጉዳት ከተማዋን ለቋል" አሉ። የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔ ግን አልስቅም፣ ምክንያቱም እውነት ነው። ጋሽ ፈንታው ወጥ ቤትም ቢሆኑ አልተሳሳቱም፤ ምልክቱ ወታደራዊ ነበር። በዚያ ክረምት በአካባቢው ከተሰማው ወሬ ሁሉ ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው።

"እኛ" ስል ያስተዋለ አንባቢ ይኖራል። አዎ፣ ነበርኩበት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ አቶ ደጀን በሌሊት ያስመጧት መኪና ስትነሳ፣ እሳቸው ከፊት፣ ጋሽ ፈንታው ከኋላ ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ታቅፈው፣ እኔ ደግሞ ቬንትሌተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበርን። መንገዱ ጎርበጥባጣ ስለነበር አንገቱ እንዳይሰበር በሁለት እጄ ደግፌዋለሁ። የአራት ሰው ቦታ ባዶ ነበር። በሚስባህ ደጅ ስናልፍ አቶ ደጀን "ቀስ በል" አሉት ሾፌሩን፤ እንዳይቀሰቅሳቸው። እኔም ዝም አልኩ። ይህ በቃለ ጉባዔው ውስጥ የለም። አሁን የጻፍኩት ስላፈርኩ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ተመለስኩ። ሚስባህ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ይመታ ነበር፤ አይቶኝ ምስማሩን ከአፉ ሳያወጣ በራሱ ሰላም አለኝ። ሁሪያ ከደጅ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ሴት ልጅ አዝላለች። ደጋ ላይ፣ በአንድ ቄስ ቤት፣ እየሩሳሌም አዋልዳት የተወለደች ናት። እንዳየችኝ ብድግ አለች፤ ክፉ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንደ ወሎ ሰው አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

"እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? እናትህስ ደህና ናቸው? ልጆችህስ? በመንገድ አልተንገላታችሁም?"

"ደህና ነን፣ ይመስገን" አልኳት ለሁሉም።

"አልሐምዱሊላህ። ቬንትሌተሩስ? ደህና ገባ?"

"ደህና ነው" አልኩ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ልጇን በጀርባዋ እያስተካከለች። "በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ እንዳይበርደው ስንሰጋ ነበር።"